ቡናማው ግቢ

«እማዬ፣ እኛ ሁላችንም ከዚህ ለመሄድ ተራ እየጠበቅን፣ እነሱ ባሕር አቋርጠው ለምን እዚህ መጡ?»

ሃሴት ይህን ስትጠይቅ ስምንት ዓመቷ ነበር። ግንባሯን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ፣ በትንፋሿ እያላበችው፣ ውስጥ የተቀመጠውን የቆርቆሮ ሻንጣ ታያለች። እናቷ መሠሉ ከልጇ ራስ በላይ ቀና ብላ አየች። ከሻንጣው በላይ ግድግዳው ላይ የተጻፈ ነገር አለ። መልሱ እዚያ ሳይሆን አይቀርም ብላ ጠረጠረች፤ ግን ማንበብ አትችልም። እንደሚያነብ ሰው ዓይኗን ጽሑፉ ላይ ጥቂት አቆየችና፣ «ነይ፣ ቦኖው ሳይዘጋ እንድረስ» ብላ እጇን ጎተተቻት።

ሙዚየሙ ሻሸመኔ ውስጥ፣ ጃማይካ ሰፈር ነው ያለው። የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ሙዚየም ይባላል። ስሙ ትልቅ ቢሆንም ሁለት ክፍል ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሳይጠየቁ በመርከብ ተጭነው የተወሰዱት አሉ፤ ሰንሰለት፣ የመርከብ ሥዕል፣ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች ፊት። በሁለተኛው ክፍል ከብዙ ትውልድ በኋላ ከካሪቢያን ደሴቶች ወደዚህ የመጡት የልጅ ልጆቻቸው አሉ፤ ከበሮ፣ የአናጢ መሣሪያ፣ የቆርቆሮ ሻንጣ።

ከሁለቱ ክፍሎች ይልቅ ሰው የሚያውቀው ግቢውን ነበር። ሰፊ ነው። ያሉበት ተክሎች በሙሉ የዚሁ አገር ናቸው፤ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ብሳና፣ ግራር፣ በአጥሩ ዙሪያ ቀጋና እንዶድ፣ ከታች በኩል ምንጭ ቢጤ የሚያረጥበው ጥግ ላይ ቄጠማ። መሀል ላይ ኮርች። ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባው መተላለፊያ ይነሣል። በጋ ሲገባ ግን ግቢው ሌላ መልክ ይይዛል። ብሳናው ቅጠሉን ብርቱካናማ አድርጎ ያራግፋል፤ ግራሩ ይሳሳል፤ ሣሩ ይደርቃል፤ ኮርቹ ዕርቃኑን ይቀርና ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ያወጣል። ድሮ ሰው ይህን «በጋ» ይለው ነበር። በሃሴት ልጅነት ግን «ቅናሽ» ነበር የሚባለው።

በዚያ ዘመን ውኃ የሚታደለው በአረንጓዴ ነበር። ዓይኑ፣ ሳተላይቱን ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጠራው፣ በየወቅቱ በሰማይ ያልፋል፤ እያንዳንዱን ሰፈር ከላይ ያየዋል፤ ሰፈሩ አረንጓዴ በሆነው ልክ ነጥብ ተሰጥቶት ቦኖው ይከፈታል። መጀመሪያ ሰዎች ጣሪያቸውን አረንጓዴ ቀቡ። ዓይኑ ቀለሙን ለየው። ከዚያ የላስቲክ ሣርና የላስቲክ አጥር መጣ፤ እሱን ገና አልለየውም፣ ወይም ለይቶ ዝም ብሏል። ልጆች ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት የላስቲኩን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ አቧራ የያዘ ቅጠል ግራጫ ተብሎ ይቆጠራልና። ዓይኑ በሚያልፍበት ቀን ልብስ ውጭ አይሰጣም፤ ቀይ ጃንጥላ አይዘረጋም፤ በርበሬ ጸሐይ ላይ የሰጣች ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ትኳረፋለች። ልማድ ሆኖ ማንም አይገረምበትም ነበር።

የሙዚየሙ ኃላፊ እትዬ ቨርና ነበሩ። ያንን ሻንጣ ይዘው የመጡት አያታቸው ናቸው። እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ሰፈሩ ሰው የሚያንበለብሉት፣ ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ግቢው እንዴት እንደተጀመረ ሲጠየቁ ሁሌም አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚናገሩት።

«አያቴ ከደሴቷ ዘር በመሀረብ ቋጥራ መጣች። ተከለችው። አንዱም አልበቀለ። እናቴ ናት ኋላ ላይ ‹እንግዶቹ እኛ ነን፣ ዛፎቹ እንኳ የቤት ልጆች ይሁኑ› ብላ ከየወንዙ ዳር ችግኝ የለቀመችው።»

እትዬ ቨርና ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል ያስተምሩ ነበር። መሠሉ ሃሴት ያንን ጥያቄ በጠየቀቻት ሳምንት ሄዳ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ገበታው ሲያምታታት እትዬ ቨርና ወደ ግቢው ያወጧታል። በየዛፉ ሥር ስሙ የተጻፈበት ጣውላ ተተክሏል። ዛፉን መሠሉ ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ጣውላው ምን እንደሚል ቀድማ ታውቃለች፤ የቀራት ፊደሉ እንዴት አድርጎ እንደሚለው ማየት ብቻ ነው። ዋ። ን። ዛ። ጣቷን በእያንዳንዱ ላይ እያሳረፈች ዛፉን ቀና ብላ ታያለች፤ ዛፉ ትክክል ነሽ የሚላት ይመስል።

ማንበብ የቻለች ዕለት በቀጥታ ወደ ሻንጣው ሄደች። ልቧ እየመታ ግድግዳውን አነበበች።

«የቆርቆሮ ሻንጣ። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ።»

በቃ። ለምን እንደመጣ አይልም። እትዬ ቨርናን መጠየቅ አፈረች፤ ሰውን «ለምን መጣህ» ማለት «መቼ ትሄዳለህ» ማለት ይመስላል ብላ። ጥያቄው እንዳለ ሆዷ ውስጥ ቀረ። እሷም እዚያው ቀረች፤ የግቢው ሠራተኛ ታመው ሲተኙ ቦታውን ያዘች፤ ቅጠል ትጠርጋለች፣ ችግኝ ታፈላለች፣ የታችኛውን ጥግ ከብት እንዳይረግጠው ታጥራለች። ያ ጥግ ጣውላ አልነበረውም። እትዬ ቨርና ጣውላና ቀለም ሰጧት። መሠሉ ምላሷን ነክሳ «ቄጠማ» ብላ ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ በሕይወቷ የጻፈችው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ማ» ትንሽ ዘመም ብላለች፤ እትዬ ቨርና ግን «ቄጠማም ቀጥ ብሎ አይቆምም» አሏትና አሳቋት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃሴት ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞላት።

አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። መሠሉ ልጇ ስትወጣ በር ላይ ቆማ እስክትታጠፍ የምታይ፣ ስትመለስ ግንባሯን ዳስሳ ትኩሳት የምትፈልግ እናት ነበረች። «ኧረ እማዬ፣ ደኅና ነኝ!» ትላለች ሃሴት። «ማን ታመምሽ አለሽ፣ ዝም ብዬ ነው» ትላለች መሠሉ፣ እጇን ሳታነሣ። በዚያ ሰሞን ግን እውነተኛ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከልክ በታች የወረደ ሰፈር ሰው ይቀንሳል። ከአንድ ሰው በላይ ካለበት ከየቤቱ አንድ ሰው በሰማያዊ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በመስተዋት ጣሪያ ወደተከደነው የላይኛው ከተማ ይሄዳል። ማን እንደሚሄድ ቤተሰቡ ይመርጣል። አንድ ቤት አንድ ወንበር ነው። ባለፈው ዓመት ጎረቤት ያለው ሰፈር ሲቀንስ ብዙዎቹ የሄዱት ልጆች ነበሩ፤ ወላጆች ልጃቸውን ይሻላል ወደተባለው ቦታ መላክ ግዴታቸው መስሎ ስለተሰማቸው። የሄደ አይመለስም። መመለስ የተከለከለ ሆኖ አይደለም፤ የውኃ ድርሻው ስለሚዘጋ ነው።

የመሠሉ ሰፈር ሁለቴ ወርዶ ነበር። ምክንያቱንም ሁሉም ያውቀዋል። የሙዚየሙ ግቢ በሰፈሩ ውስጥ ይቆጠራል፤ ሰፊ ነው፤ በበጋ ቡናማ ነው።

ጥር ማለቂያ ላይ የሰፈሩ ሰው ኮርቹ ሥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኦቦ ገመዳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሲናገሩ ዛሬም መሪ የያዙ የሚመስሉ። ከኋላቸው ጋሪ ላይ የተጠቀለለ የላስቲክ ሣር ተጭኗል።

«ሲስተር ቨርና» አሉ፣ «እኔ ዛፍ ቁረጡ አልልም። እናነጥፈውና ዓይኑ ሲያልፍ እንጠቀልለዋለን። ማን ያውቃል?»

«ሥሩ ያውቃላ» አሉ እትዬ ቨርና። «ያነጠፈ ሁሉ እጠቀልላለሁ ብሎ ነው ያነጠፈው። እስቲ የጠቀለለ አንድ ሰው አሳዩኝ። አሁን የናንተ ደጅ ዝናብ ሲመጣ ይጠጣል? ጎርፍ ብቻ እኮ ነው!»

«ደግሞ ይኼ ወሌንሱ!» ኦቦ ገመዳ ኮርቹን ሽቅብ አዩት፤ እሳቸው በኦሮምኛ ስሙ ነው የሚጠሩት። «እንደ ሙሽራ ቀልቶ! ዓይኑ ከላይ ሲያየው ሰፈሩ የተቃጠለ ነው የሚመስለው።»

ሰው ሳቀ። እትዬ ቨርናም ሳቁ። ያልሳቀችው ደብሪቱ ነበረች፤ የመሠሉ ጎረቤት፣ ባልና ሁለት ልጆች ያላት፣ አፏ የማይቻል።

«እትዬ፣ እርስዎ ብቻዎን ነዎት» አለች። «ከእርስዎ ቤት የሚሄድ የለም። ከልጆቻችን መሀል የምንመርጠው እኛ ነን።»

ሳቁ ቀጥ አለ። እትዬ ቨርና እጃቸውን አዩ። መሠሉ ደብሪቱ ላይ ልትናደድ ፈለገች፤ አልቻለችም፤ የተናገረችው መሠሉ ራሷ ውስጥ ያለውን ነው። ላስቲኩን አየች። ኮርቹን አየች። ራቅ ብላ ከጓደኞቿ ጋር የምታወራውን ሃሴትን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታችኛው ጥግ ሄደ፤ ግቢው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ብቻ እንደለመለመ ነው።

«ቄጠማ ብንጎዘጉዝስ?» አለች።

«ምን በዓል አለና?» አለ አንዱ።

«በዓልማ የለም። ዓይኑ እስኪያልፍ ድረስ ነው። ማጨድ ብቻ፤ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር እንጎዘጉዘዋለን። ቄጠማ እንደ ላስቲኩ መሬቱን አያፍነውም። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ እውነተኛ አረንጓዴ ነው።»

ደብሪቱ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። «ከሰማይ እንግዳ ሊመጣብን ነው በይና!»

«እንግዳማ ነው» አሉ ኦቦ ገመዳ፣ አገጫቸውን እያሻሹ። «ከዓይን የበለጠ ምን እንግዳ አለ?»

ሁሉም ወደ እትዬ ቨርና ዞረ። እሳቸው ወደ ታችኛው ጥግ ሲያዩ ቆዩ።

«በማጭድ ቁረጡት» አሉ በመጨረሻ። «ሥሩን የነቀለ እኔን ነው የነቀለ።»

ዓይኑ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው ሰው ከጠዋቱ ወጣ። ማጭድ የነበረው ማጭዱን፣ ያልነበረው የወጥ ቤት ቢላዋ ይዞ። ሴቶቹ ጉልበታቸው ድረስ ረግረጉ ውስጥ ገብተው ያጭዳሉ፤ ወንዶቹ በሸክም ያወጣሉ፤ ልጆቹ ይበትናሉ። ብዙዎቹ ልጆች ቄጠማ ሲጎዘጎዝ አይተው አያውቁም፤ ውኃው በነጥብ ከሆነ ወዲህ በበዓልም የሚነጠፈው የላስቲኩ ነበር። ሃሴት አንድ ጭብጥ አፍንጫዋ ላይ አስጠጋች።

«እማዬ፣ ይኼ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ስለ በዓል ስታወሪ ‹ሽታው› የምትዪው?»

«ይኼ ነው» አለች መሠሉ። ጎንበስ ብላ ማጨዷን ቀጠለች።

ቀትር ላይ ግቢው በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ከዋንዛው እስከ በሩ፣ ከኮርቹ ሥር እስከ እንዶዱ አጥር። ቀይ አበባው አረንጓዴው ላይ ጠብ ጠብ ብሎ ሲወድቅ ልጆቹ እየለቀሙ ወደ ውጭ ወረወሩ። ሥራው አለቀ። ሰው ወደየቤቱ መሄድ ነበረበት።

ያን ጊዜ ነው ኦቦ ገመዳ ጫማቸውን ያወለቁት። በባዶ እግራቸው ቄጠማው ላይ ጥቂት ተራመዱ። ከዚያ «እስቲ ወገቤን» ብለው ተቀመጡ። አጠገባቸው የነበረች ሴትዮ ተቀመጠች። ቄጠማ ተጎዝጉዞ ማን ቆሞ ይውላል? ከአንዱ ቤት ዳቦ መጣ፣ ከሌላው ቆሎ፣ ከሌላው ጠላ። ተኳርፈው የነበሩ ሁለት እኅትማማቾች ማን እንዳስታረቃቸው ሳይታወቅ አንድ ሳህን ላይ ተገኙ። እትዬ ቨርና ወደ ሁለተኛው ክፍል ገብተው መስተዋቱን ከፍተው ከበሮውን ይዘው ወጡ። «ይኼ እኮ ዕቃ አይደለም፣ ከበሮ ነው» አሉና መቱት፤ ቀስ ያለ፣ ልብ የሚመስል አመታት። ኦቦ ገመዳ በዚያ ምት ላይ የአርሲ ዘፈን ጫኑበት። አልገጠመም። ከዚያ ገጠመ።

ደብሪቱ እየጨፈረች መሠሉን ከተቀመጠችበት ጎትታ አስነሣቻት። «ተነሺ አንቺ ባለ በዓል!»

ጸሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ስለ ዓይኑ ያነሣ ሰው አልነበረም። መሠሉ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰፈር ስታስብ ሁሌም የሚመጣላት ያ ከሰዓት ነው። ሃሴት በጀርባዋ ተንጋላ፣ ቄጠማ ጸጉሯ ውስጥ ገብቶ፣ ቀዩን ኮርች እንደ ዓይኑ ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ ስታየው።

በማግሥቱ ነፋስ ተነሣ። ከደረቁት ሐይቆች በኩል የመጣ አቧራ ሰማዩን ሸፈነው። ቦኖው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ዓይኑ ማለፉን እንዳዘገየ ተናገረ። ሰው ግድ አላለውም፤ ነገ ይሆናል አለ። ነገም አቧራ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ቄጠማው ጫፉ መጠውለግ ጀመረ። ሴቶቹ ለቤታቸው የቀዱትን ውኃ በጆግ እያመጡ ረጩት፤ ደብሪቱ የልጆቿን ገላ መታጠቢያ ሳይቀር አፈሰሰችው። ሰው የተቀመጠበትና የጨፈረበት ቦታ ደግሞ ቀድሞ ጠቆረ።

አቧራው ሲገለጥ ጸሐይዋ እንደ ምጣድ ነበረች። ዓይኑ ያለፈው በዚያ ቀን ነው። ከሰማይ ሲታይ የሙዚየሙ ግቢ ከዳር እስከ ዳር የጭድ ቀለም ነበረው።

ጠዋት ቦኖው ላይ የተሰለፈው ሰው ውጤቱን ቆሞ ሰማ። ከልክ በታች። ሦስተኛ። ድምፁ ቀጥሎ የየቦታውን ዝርዝር ሲያሰማ የሙዚየሙ ግቢ ከተከፈተ ጀምሮ ያልታየ ዝቅተኛ ነጥብ ማግኘቱን ተናገረ። መሠሉ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሌላ በጋ ሁሉ ከዚያ ግቢ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኘው የታችኛው ጥግ ነበር። ያንን ደግሞ አጭደው ዘርግተው አድርቀውታል።

ጀሪካኗን ይዛ አንገቷን ደፋች። ደብሪቱ ወደ እሷ መጣች፤ መሠሉ የሚመጣውን ለመቀበል ትከሻዋን አጠበቀች።

«ወቀሳ እየጠበቅሽ ከሆነ የለኝም» አለች ደብሪቱ። «ልጆቼ እናታቸው ስትጨፍር አይተው አያውቁም ነበር።» ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

እትዬ ቨርና በዚያው ቀን ከመሠሉ ቤት ተቆጥረው እሳቸው እንዲሄዱ ኦቦ ገመዳን ይዘው አመለከቱ። የላይኛው ከተማ በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው አይቀበልም ተባሉ። መሠሉ ይህን ስትሰማ ሄዳ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ አገኘቻቸው፤ ከበሮውን ወደ ቦታው እየመለሱ ነበር። ቄጠማ ተጣብቆበታል። አላራገፉትም።

«እትዬ ቨርና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ድሮ ነው መጠየቅ የነበረብኝ፤ ክፉ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው። አያትዎ ለምን መጡ?»

እትዬ ቨርና ሻንጣውን አዩት።

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹እዚያ› አለችኝ፣ በጣቷ ያንን ክፍል እያሳየች፣ ሰንሰለቱ ያለበትን። ‹እዚያ ያሉትን ሲጭኗቸው ወዴት ትፈልጋላችሁ ያላቸው የለም። ከዚያ ወዲህ የተወለድነው ሁሉ ያልተጠየቅንበት ቦታ ላይ ነው የተወለድነው። እኔ አንድ ጊዜ ተጠይቄ መልስ መስጠት አማረኝ። የጠየቀኝ ስላልነበር ራሴን ጠየቅኩ።›»

«አገሩ ጥሩ ሆኖ አገኙት?»

«እኔም እንደሱ ስላት ‹ሦስት ዓመት አለቀስኩ› አለችኝ።» ሳቁ። «ከዚያ አንድ ቀን ማልቀሱን ረሳችው። እናቴ የለቀመችውን ችግኝ ስትተክል ነው አሉ።»

መሠሉ እስከዚያ ቀን በልቧ የወሰነችው ሃሴትን መላክ ነበር። ለሃሴት የሚሻለውን እሷ እንደምታውቅ፣ አዝና ሸኝታት እንደምትቀር፣ የላይኛው ከተማ ትምህርት ቤትም ሐኪም ቤትም እንዳለው ለራሷ ስትነግር ነበር የሰነበተችው። ልብሷን ሳይቀር በልቧ አጣጥፋላታለች። አሁን ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቆረቆራት፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ «ትኩሳት አለሽ? በልተሻል? የት ነበርሽ?» ብላ ጠይቃታለች። ምን እንደምትፈልግ ጠይቃት አታውቅም።

ወደ ግቢው ተመልሳ ሃሴትን ታችኛው ጥግ አገኘቻት፤ የታጨደው ቄጠማ ጉቶ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች።

«እማዬ ነይ እዪ።» በጣቷ አሳየቻት። ከደረቀው ጉቶ መሀል፣ ጥፍር የምታህል፣ አረንጓዴ ጫፍ ወጥታለች። አጠገቧም ሌላ። «ሥሩ አልሞተም እኮ።»

መሠሉ አጠገቧ ተቀመጠች። «ሃሴትዬ» አለች፣ «አንቺ ምንድን ነው የምትፈልጊው? መሄድ ነው መቅረት?»

ሃሴት እናቷን እንደማታውቃት አየቻት። «እንዴ! እኔ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ያለቀ ነገር መስሎኝ።»

«አላለቀም። እየጠየቅኩሽ ነው።»

ልጅቷ አረንጓዴዋን ጫፍ በጣቷ ነካ አደረገቻት። «መቅረት» አለች። «ክረምት ሲገባ ይኼ የት እንደሚደርስ ማየት እፈልጋለሁ።» ከዚያ ፈጠን ብላ፣ «አንቺስ?»

ውሸት መሠሉ ምላስ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «እኔም መቅረት» አለች።

ተያዩ። መጀመሪያ ሃሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ መሠሉ ልጇን አቅፋ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ያዘች።

«እንግዲያስ እኔ ልሂድ» አለች ሃሴት እዚያው ሆና። «ግቢውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እኔ ቀጋና እንዶድ እንኳ ይምታታብኛል።»

«ጣውላ አላቸው። ታነቢያለሽ።»

«እማዬ!»

«ጠየቅኩሽ፣ መለስሽልኝ። አሁን መልስሽን ብቀማሽ ባልጠየቅኩሽ ይሻል ነበር።»

ሰማያዊው አውቶቡስ የመጣው በማለዳ ነው። ሰው በየቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚሄደውና የሚሸኘው የሚለየው በያዘው ዕቃ ብቻ ነው። ኦቦ ገመዳ ታላቁ ልጃቸውን ትከሻውን መታ መታ አድርገው አሳፈሩት፤ ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡ። ከደብሪቱ ቤት የወጣችው ራሷ ደብሪቱ ነበረች፤ ባሏ ሁለቱን ልጆች በሁለት እጁ ይዟል። «ወጡን አታሳርርባቸው!» አለችው፣ ደረጃው ላይ ቆማ።

መሠሉ የሃሴትን ግንባር ዳሰሰች።

«ትኩሳት የለኝም» አለች ሃሴት። ግን አልሸሸችም፤ እጁ እስኪነሣ ድረስ ቆመች።

«የላይኛውን አጥር ሰኔ ሳይገባ እንዳትነኪው። ብሳናው ሥር የወደቀውን ቅጠል አትጥረጊው፣ ይተኛበት። እትዬ ቨርና መድኃኒታቸውን ይረሳሉ። ማታ በሩን ቆልፊ።»

«እሺ።»

«በልተሽ ነው የወጣሽው?»

«እሺ እማዬ፣ በልቻለሁ።»

እትዬ ቨርና ከኋላ መጥተው ክንዳቸውን በሃሴት ትከሻ ላይ ጣሉ። ለመሠሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት፤ አያታቸው ይዘውት በመጡት ሻንጣ አጠገብ ሲያልፉ እንደሚያደርጉት።

የላይኛው ከተማ ውስጥ ቅጠል አይረግፍም። ከመስተዋቱ ጣሪያ ሥር ዓመቱን በሙሉ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ የመሠሉ ሥራ ቅጠሉን መወልወል ነው፤ ከደብሪቱ ጋር በአንድ መስመር ይወለውላሉ፤ ደብሪቱ ትሳደባለች፣ መሠሉ ትሰማለች። ወሩን የምታውቀው በቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው። ጥር ሲገባ ግን ዓይኗን ጨፍና ኮርቹን ትጠብቃለች፤ በሐሳቧ ቅጠሉን ስታራግፍለት፣ ቀዩን ስታወጣለት ትውላለች። ሃሴት አልፎ አልፎ ትደውላለች። በመጀመሪያው ክረምት ማብቂያ ላይ ቄጠማው ወገቧ ድረስ መድረሱን ነገረቻት። አዲስ ጣውላ እንዳትሠራበት እትዬ ቨርና ከልክለዋታል፤ የዘመመችው «ማ» አሁንም እዚያው ነች። ዓይኑ ደግሞ በመስከረም ሲያልፍ ግቢው በአደይ አበባ ቢጫ ስለነበር ብዙ ነጥብ ተቀንሶባቸዋል።

«ታዲያ ምን አላችሁ?» አለቻት መሠሉ።

«ምን እንላለን? ውኃ ቀነስን።»

ከዚያ ሰፈር በዚያ በጋ ከአንድ ሰው በላይ ካለበት ከየቤቱ አንድ ሰው ሄደ። እትዬ ቨርና ቀሩ። ኦቦ ገመዳ ቀሩ። ደብሪቱ ሄደች። ሃሴት ቀረች፤ መሠሉ ሄደች።